የእናቴ ትንፋሽ፣ የአባቴ ዝምታ

እናቴ አዳማ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ትሸጣለች፤ ከዓለም ጤና ከተማ የመጣውን ስትሸጥ ድምፅዋ ከአስፋልቱ ማዶ ይሰማል። አባቴ አጠገቧ ዝም ብሎ ጆንያ ይሰፋል። ስለዚህ በአንድ ረመዳን እናቴ ዝም ስትል ሰፈሩ ሁሉ ደነገጠ።

ፍራሽ ላይ ጋደም ብላ ዳገት እንደወጣ ሰው ታለከልካለች። አክስቴ «ምች ነው፣ ፀሐይ ላይ ውላ!» ብላ ዳማከሴ ልትቀጥፍ ሮጠች። እኔም «ቀስ ብለሽ ተንፍሺ» እላለሁ። አባቴ ግን ምንም ሳይናገር ባጃጅ ይዞ መጣ።

እናቴ ስኳር አለባት። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ «ኢንሱሊን መቼ ነው የተወጉት?» ሲላት፣ እየቆራረጠች «ጾም ሲገባ ተውኩት... ሳልበላ ስኳሩ ከየት ይመጣል?» አለችው።

«ኢንሱሊን ሲጠፋ ሰውነት ስብ ያነዳል፤ ከዚያ የሚወጣው አሲድ ደም ውስጥ ይከማቻል» አለን ሐኪሙ። «ሳንባ ቶሎ ይደርሳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እየገፋ አሲዱን ያቀልላል። የሚያለከልኩት ለዚህ ነው። ኩላሊት አሲዱን በሽንት ያስወጣል፣ ግን ቀናት ይፈልጋል። አሁን ለሁለቱም ከአቅም በላይ ሆኗል።»

እናቴን የማጣት መሰለኝ።

ፈሳሽና ኢንሱሊን በደም ሥሯ ሲገባላት አደረ። ጠዋት ትንፋሿ ረጋ፤ ዓይኗን ገልጣ «ሽንኩርቱን ማን ሸፈነው?» አለች። አልሐምዱሊላህ! እያለቀስን ሳቅን።

«እኔ» አለ አባቴ።

«አያችሁ?» አለች። «እኔ ሳንባ ነኝ፣ ቶሎ እጮሃለሁ። ይሄ ደግሞ ኩላሊቴ ነው፤ ሲሠራ እንኳ አይሰማም።» ነርሷ ሳትቀር ሳቀች።

በሚቀጥለው ረመዳን ሐኪሙ ጾም ከለከላት፤ የመስጊዳችን ሼህም «ለታመመ ሰው አላህ አቅልሎለታል» አሏት። እሷ ግን አገር ሲጾም ብቻዋን መብላት ከበዳት። መርፌዋን ተወግታ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሁለቴ ጎርሳ ሳህኑን ትገፋለች። ይህም ሌላ አደጋ ነው፤ ኢንሱሊን ተወግቶ በደንብ አለመብላት ስኳሩን ከልክ በላይ ያወርደዋል። መክረን መክረን ደከመን።

አንድ ቀን አባቴ በምሳ ሰዓት ከገበያ መጣ። ከንፈሩ በጾም ደርቋል። መጋረጃውን ገልጦ ከሳህኑ ፊት ለፊት ቁጭ አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጾመኛ ምግብ ፊት ምን ያደርጋል?» ብላ ጮኸችበት።

«ብዪ» አላት።

ሳህኑ ባዶ እስኪሆን አልተነሳም። ወሩ እስኪያልቅ በየቀኑ እንዲሁ መጣ።