የገመዱ ጫፍ

አባቴ፣ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ መሬቱን የሸጡልን ገበሬ፣ የገበሬው ልጅ፣ አንድ ሽማግሌ፣ እኔ። ያን ቀን የነበርነው እነዚህ ነን። የረሳሁት ሰው ያለ ይመስለኛል፤ ግን አይመጣልኝም።

ዛሬ ጠዋት ቶተንሃም፣ በረንዳዬ ላይ የልብስ ማስጫ ገመድ ስቀይር ሽታው እጄ ላይ ቀረ። ዝናብ የነካው የቃጫ ሽታ ነው። ያን ቀንም ዘንቦ ነበር፤ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ያለው ያ ሣር እርጥብ ነበር፣ ፀሐይዋም ዓይን ትወጋ ነበር።

አባቴ መሬቱን የገዙት እኛም ልጆቻችንም አንድ ግቢ ውስጥ እንድንኖር ነበር። «እዚህ የናንተ ቤት፣ እዚያ የልጆቻችሁ» እያሉ ባዶውን ሣር ያሳዩን ነበር። እኔ ገና አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር።

ያን ቀን ሽማግሌው ድንበሩን ሊለኩ የቃጫ ገመድ ዘረጉና ጫፉን ለእኔና ለገበሬው ልጅ ሰጡን።

«ልጆች ይያዙት። እኛ ነገ አፈር ነን፤ ድንበር የሚያስታውስ ልጅ ነው» አሉ። እንዳንረሳም የሁለታችንንም ጆሮ ቆነጠጡ። እኔ አለቀስኩ።

«አንቺ የከተማ ልጅ፣ ጆሮሽ ቅቤ ነው እንዴ?» ብላ ልጅቷ ሳቀችብኝ።

የድንበሩ ችካል እስኪጠረብ ስንጠብቅ ጉንዳን እግሬ ላይ ወጣ። ገመዱን እንደያዝኩ ሸሸሁ፤ እሷም ተከተለችኝ። ትልልቆቹ አላዩንም። ችካሉ በሸሸንበት ቦታ ተተከለ።

አባቴ ካረፉ ቆይተዋል። ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ደወለ። ልጆቹ እዚያ ቤት ሊሠሩ ስለሆነ የድንጋይ አጥር ሊያሠራ ነው። የገበሬው ዘመዶች ግን ችካሉ ያለ ቦታው ነው የተተከለው ይላሉ።

«ሽማግሌው ካቆሙሽ ቦታ ተነቃንቀሽ ነበር እንዴ?» አለኝ።

«ቆይ፣ ላስብበት» አልኩት።

መሸሼን አውቃለሁ። ወደ እኛ በኩል ይሁን ወደ እነሱ ግን አላውቅም። አንዳንድ ቀን ወደ እኛ ይመስለኛል፤ ሲነጋ ደግሞ ይገለበጥብኛል። ልጄ «ማሚ፣ ማፕ ላይ ቼክ አድርጊያ» ብላ ስልኳን አሳየችኝ። አረንጓዴ ብቻ ነው። የተቆነጠጥኩት የግራ ጆሮዬን እንደሆነ ግን እስካሁን አልረሳሁም።

ትናንት ለወንድሜ ጉንዳኑን ነገርኩትና አጥሩን እንዲያቆየው ለመንኩት። በሰው ሣር ላይ የልጅ ልጆቻችንን ማኖር እፈራለሁ።

ወዴት እንደሸሸን ልታስታውስ የምትችለው የገበሬው ልጅ ናት፤ አግብታ ከሄደች ወዲህ ግን ዘመዶቿም ወሬዋን አልሰሙም። ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት ነበራት። የት እንዳለች የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።