የተገለበጠው ቋጠሮ

እትዬ መቀስ የሚለውን ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ይቆርጣል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺ የእግር የስፌት መኪናዋ ከጠዋት እስከ ማታ ስትንቀጠቀጥ ትውላለች። ጎረቤቷ ሰዓት ሠሪው «የኔ ሰዓቶች ይዛነፋሉ፤ የእሷ መኪና ግን አትዛነፍም» እያለ ይቀልዳል።

ባለፈው ሳምንት ከሱቋ ማዶ፣ አውቶቡሶች በሚቆሙበት አደባባይ ላይ፣ ከአውቶቡስ የረዘመ ነጭ የእንጨት ግድግዳ ተተከለ። የከተማው መንገዶች በሙሉ ተስለውበታል፤ በየመታጠፊያው ምስማር ተመትቷል። አላፊ አግዳሚው ክር ያነሳል፣ ከቤቱ ይጀምራል፣ በየቀኑ የሚሄድበትን መንገድ ተከትሎ ከምስማር ምስማር ያዞራል፣ በሚቆምበት ቦታ ሁሉ ይቋጥራል። ይህን ያሰናዳችው ወጣት ሰዓሊ «ከተማው እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ከተማው ራሱ ይሳለው» ትላለች። እትዬ መቀስ ይህን ስትሰማ «ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» አለችና ወደ መኪናዋ ዞረች። ልጅቷ ትርፍራፊ ክር ስትለምናት ግን አንድ ከረጢት ሙሉ ሰጠቻት። ምላሷ እንጂ እጇ ክፉ አይደለም።

ያ ምላስ ግን አንድ ጊዜ የማይሰፋ ነገር ቀዷል። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ አባቷ በሞተ በአራተኛው ቀን፣ ታናሽ እህቷ እዚህ ሱቅ በር ላይ መጣች። ሁለት ዓመት ሙሉ አባቷን ብቻዋን ያስታመመችው እትዬ መቀስ ናት፤ በቀብሩ ላይም ዓይኗ እህቷን ፈልጎ አጥቷል። «የምትጠይቂው ሰው የለም፤ እኔም እህት የለኝም» አለችና ቁልፉን አዞረችባት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እህቷ በዚያ ሰሞን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ሆስፒታል ተኝታ እንደነበር የሰማችው ከዓመት በኋላ፣ ከአንዲት ደንበኛ አፍ ነው። ብትፈልጋት ቤት ለቅቃለች፣ ስልኳንም ቀይራለች። ከዚያ ወዲህ እትዬ መቀስ እየሰፋች በመስኮቱ የሚያልፈውን የሴት ፊት ሁሉ ትመረምራለች፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላለችም።

ሐሙስ አራት ሰዓት ገደማ ሰዓሊዋ ሱቅ ድረስ መጣች።

«እትዬ፣ ግድግዳው ነገ ይነሳል። ክሩን የሰጡን እርስዎ፤ የጎደለው የእርስዎ መንገድ።»

«ምን መንገድ አለኝና ነው የኔ ልጅ?»

«ያለዎትን ነዋ።»

እየተነጫነጨች ተነሳች። በሥራ ሰዓት በሯን ስትቆልፍ ያያት ሰዓት ሠሪው «ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?» አለ።

ቤቷንም ሱቋንም ግድግዳው ላይ አገኘቻቸው። ቀይ ክር ከአንዱ ምስማር ወደ ሌላው ሳበች፣ ቋጠረች፣ አለቀ። የሌላው ሰው ክር ከተማውን ሰንጥቆ ሲሄድ የእሷ ከአውራ ጣቷ አልረዘመም። ክው አለች።

«ይኸው ነው?» አለች። «ሃያ ሁለት ዓመት፣ ይኸው ነው?»

እትዬ መቀስ ዓይኗን ከዚያ ልታሸሽ ስትል ነው ያየችው። ከሱቋ ምስማር ዝቅ ብሎ፣ ከሱቁ ጓሮ ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ላይ፣ አንድ ግራጫ ክር ተቋጥሯል። ቋጠሮው የተገለበጠ ነው።

አባቷ በግራ እጁ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ነበር። ሁለቱን ሴቶች ልጆቹን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ መቋጠር ሲያስተምር፣ እነሱ በቀኝ እጃቸው የእሱን ግራ ለመከተል ሲታገሉ፣ ጫፉ ሽቅብ የሚያይ ጠማማ ቋጠሮ ወጣላቸው፤ እንደዚያው ለመዱት። የሙያ ጓደኞቿ ዕድሜ ልኳን ስቀውባታል። በዚህ ከተማ እንዲህ የሚሳሳቱት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዷ እሷ ናት።

ክሩን በጣቷ ተከተለችው። የሚጀምረው ከከተማው ዳር፣ ከመጨረሻው ፌርማታ ነው። የሚያልቀውም እዚያው አካባቢ፣ ሆስፒታሉ ጋ ነው። ቤቱና ሥራው ጎን ለጎን የሆነ ሰው ከተማውን አቋርጦ እሷ ጓሮ ድረስ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል። በየቀኑ! እዚያ ጓሮ ደግሞ ከሱቋ የኋላ ግድግዳ በቀር ምንም የለም።

«ይቺን ማን ነው የቋጠራት?» አለች።

«አንዲት ሴትዮ ናቸው፣ ሰኞ ዕለት። ሲቋጥሩ ያለቅሱ ነበር፤ ለመጠየቅ ፈራሁ።»

እትዬ መቀስ በፊት ለፊቱ መስኮት ስትጠብቅ እህቷ በጓሮ ነበረች።

ሰዓት ሠሪው ማጉያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ እየሮጠ መጣ። «እትዬ መቀስ፣ ኧረ ድረሺ! አንዲት ሴትዮ በርሽን ልትሰብረው ነው! ወጥታለች ብላት፣ እሷ በዚህ ሰዓት ወጥታ አታውቅም ብላ አላምን አለች!»

«የቷ ሴትዮ?»

«ያቺ ጓሮሽ የምትቆመው ናታ! ስንት ዓመቷ! እኔማ የምታውቂ መስሎኝ…»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እትዬ መቀስ ከልጅነቷ ወዲህ ሮጣ አታውቅም፤ ሮጠች። አንድ ሹፌር ጥሩንባውን ቢያንባርቅባትም አልሰማችውም።

ሱቁ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። መሐል ላይ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ልብስ የለበሰች ሴት በሩን በድንጋይ ትደበድባለች። «እህቴ ውስጥ ናት! ወድቃ ነው! ሰው የለም እንዴ?» ጸጉሯ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። የዛሬ ስድስት ዓመት አንዲት ሽበት አልነበራትም።

«እኔ ነኝ» አለች እትዬ መቀስ። ከዚህ ሌላ ቃል አልመጣላትም።

ሴትየዋ ዞረች። ድንጋዩ ከእጇ ወደቀ። «እቴቴ!» አለችና በሩን ተደገፈች። «መኪናሽ ዝም አለ። ቆሜ ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ፣ ዝም አለ። ሞተሽ መስሎኝ…»

«በየቀኑ ትመጪ ነበር?»

«ስትሰፊ እሰማለሁ፤ አለች እላለሁ፤ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። በበሩ እንዳልመጣማ እህት የለኝም ብለሽኛል።»

አምስት ዓመት ሙሉ ያዘጋጀችው ይቅርታ የት እንደገባ እንጃ። ቁልፉን ከኪሷ አወጣች። ቀዳዳውን ሳተችው፤ ደግማ ሳተችው። ከዚያ ቁልፉን እህቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠች።

«አንቺ ክፈቺው» አለቻት።