ላልተወለደ ሰው የተጣለ ድንኳን

ባለፈው ሰሞን ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ጀርባ አንድ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ሟቹን አላውቃቸውም፤ የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ አባት ናቸው። ፊቴን አኮሳትሬ ንፍሮ እየቆረጠምኩ ሳለ፣ አጠገቤ ያለ ጎረምሳ ለጓደኛው፣ "ሰውዬው እኮ በወጣትነታቸው ከአዲስ አበባ ተነስተው ጅማ በእግራቸው በሁለት ቀን ይገቡ ነበር" ሲል ሰማሁት። ሳቄ አመለጠኝ። ባለቤቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። የሳቅሁት ልጁ ስለዋሸ አልነበረም፣ ስለሰሰተ ነው። እኔ ብሆን በአንድ ቀን አስገባቸው ነበር፣ ያውም በሬ እየነዱ።

በዚህ ጉዳይ የምናገረው ባለሙያ ስለሆንኩ ነው። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በቀደዳ በኮልፌ አቻ አልነበረኝም። ከኮልፌ አልፎ ሳንሱሲ ድረስ ስሜ ይታወቅ ነበር (ይቺን እንኳ ትንሽ ጨምሬባታለሁ)። ለእናቴ ድቁና ሊቀበል ጥቂት የቀረው ልጅ ነበርኩ። በቀበሌው የወጣቶች ማኅበር ደግሞ ግራ እጁን ከሁሉም በላይ የሚሰቅል አብዮተኛ። ለሠፈሩ ሴቶች ልጆች ለትምህርት ቼኮዝሎቫኪያ ልሄድ ሻንጣዬን የሸከፍኩ ሰው ነበርኩ፤ ሻንጣ ግን አልነበረኝም። አንዳንድ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ፣ ዛሬ የሚወጣው የትኛው ደምሴ ይሆን ብዬ አስብ ነበር። ይህን ስጽፍ እየቀለድኩ አይደለም። ሁሉም ሲያጨበጭብልኝ ውሎ ማታ ቤቴ ስገባ፣ ውስጤ ሰው የሌለበት ቤት ይመስለኝ ነበር።

እትዬ ዘነበች ከእኛ ቤት ሦስት ቤት ዝቅ ብለው የሚኖሩ ልብስ ሰፊ ናቸው። በሐምሌ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ በራችን ላይ ቆሜ ሰው አንድ በአንድ ዘንቢል ይዞ ወደ ቤታቸው ሲገባ አየሁ። አንዱ ይገባል፤ አሥር ደቂቃ ቆይቶ ሌላው ዞር ዞር ብሎ አይቶ ይገባል። በዚያ ዘመን ሰው በየተራ ዘንቢል ይዞ አንድ ቤት ከገባ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ ስኳር ተገኝቷል። የእናቴን ዘንቢል ነጥቄ፣ የኮልፌን ጭቃ እስከ ጉልበቴ እየማስኩ ተራዬን ያዝኩ።

በሩን ገፋ ሳደርገው ሃያ የሚሆን ሰው ጠባቧ ክፍል ውስጥ ተፋፍጎ ተቀምጧል። ጭቃ የጠጡ ጫማዎች ደጅ እንዳይታዩ ከአልጋው ሥር ተደርድረዋል።

"ለኔም ኪሎ ብትመዝኑልኝ" አልኩ።

ሁሉም ደርቀው ቀሩ። በመጨረሻ አንዲት ሴት፣ "ል... ልደት ነው" አለች።

"የማን?"

ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ጣታቸውን ቀሰሩ፤ ሦስቱም ወደተለያየ ሰው። ልቤ የራራላቸው ያኔ ነው። በሕይወቴ እንደነሱ ውሸት የማይችል ሕዝብ አላየሁም። ዘንቢሎቹ ውስጥ ከጎመኑ ሥር ያለው ስኳር ሳይሆን መጽሐፍ ቅዱስ መሆኑን ለማወቅ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋባቸው በኋላ በየቤቱ ተደብቀው የሚጸልዩ፣ ሰፈሩ "ጴንጤ" እያለ የሚያንጓጥጣቸው ሰዎች ነበሩ።

እትዬ ዘነበች፣ "ስኳር የለም ደሜ፣ ሻይና ዳቦ ግን አለ። ከገባህ አይቀር ተቀመጥ" አሉኝ። ለዳቦው ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ መዘመር ጀመሩ። ሃያ ሰው በሹክሹክታ ሲዘምር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሣር ላይ የሚወርድ ካፊያ ይመስላል። ጭብጨባቸው ደግሞ በአንዲት ጣት ነው፤ የቀኛቸውን አመልካች ጣት በግራ መዳፋቸው ላይ ጠብ፣ ጠብ ያደርጓታል። መጀመሪያ ሳቄን ዋጥኩ። ኋላ ግን ፊታቸውን አየሁ። ማንም እንዲያይላቸው፣ ማንም እንዲያጨበጭብላቸው አይደለም የሚዘምሩት፤ እንዳይታዩ ነው የሚጠነቀቁት። እኔ ደግሞ ሰው ካላየኝ የሌለሁ የሚመስለኝ ልጅ ነበርኩ።

የሚመሯቸው ጋሽ ሳሙኤል የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። የሚናገሩት በቁጥቁጥ ነው፤ በየፌርማታው እንደሚቆም ሰው። የዚያን ዕለት ያወሩት ጌታውን ሦስት ጊዜ "አላውቀውም" ብሎ ስለ ካደው ዓሣ አጥማጅ ነበር። ክዶም፣ ዋሽቶም፣ ኋላ ስሙ ተጠርቶ ሥራ እንደተሰጠው። ዳቦዬን አስቀመጥኩ። ለዋሾም ሥራ አለ ማለት ነው?

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ቀርቼ አላውቅም። ሥራዬንም ራሴ መረጥኩ፤ የበር ጠባቂ ሆንኩ። ሰው ከመጣ ውሸቱን ለኔ ተዉት አልኳቸው።

ጋሽ ሳሙኤል፣ "እኛ ዋሽልን አላልንህም" አሉኝ።

"ግድ የለም ጋሼ፣ እኔ በነጻ ነው የምሠራው።"

ነሐሴ ላይ ጓድ በላይ መጣ። በላይ የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ ነው፤ ጠመንጃው ከእሱ ቁመት ትንሽ ይበልጣል። በሩን እሱ ራሱ ከፈተው። ሰዉ እንባ አውጥቶ እየጸለየ ነበር፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ፣ ዐይኑ ቀልቶ።

"ምንድነው ይሄ ስብሰባ?"

"ለቅሶ ነው ጓድ በላይ" አልኩ፣ ሳልተነፍስ።

"ማን ሞቶ?"

"የእትዬ ዘነበች አጎት፣ ጎጃም።" እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። የኔ ችግር ማቆም ነው። "ቀኛዝማች" ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ከደረሰ በኋላ መለስኩትና የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር አደረግኋቸው፤ መሬት ለአራሹን በአንድ ትንፋሽ እኔም አወጅኩ። አሥራት አልኳቸው። ነብር በባዶ እጃቸው እንደገደሉ ጨመርኩ።

"መርዶ በከሰዓት ይነገራል እንዴ? ሌሊት ሳይነጋ አይደል?"

"የሚያረዱት ጋሽ ሳሙኤል ናቸው። ጠዋት አውቶቡስ ይነዳሉ።"

በላይ ቆቡን አወለቀ። "ነፍስ ይማር" ካለ በኋላ አብዮተኛ መሆኑ ትዝ ብሎት ጉሮሮውን ጠረገና ሄደ። እኔ ደረቴን ነፍቼ ዞርኩ። ማንም አላጨበጨበልኝም፣ በአንዲት ጣት እንኳ።

በማግስቱ ጠዋት በጡሩምባ ድምፅ ነቃሁ። የእድሩ ለፋፊ የእትዬ ዘነበችን አጎት ሞት እየነገረ ነው። በላይ ለካ በቅንነት ለእድሩ ዳኛ ነግሮ ኖሯል። አስቡት እንግዲህ፤ በኮልፌ ለመንግሥት መዋሸት ይቻላል፣ ለእድር ግን አይቻልም። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኑ ተጣለ፣ አግዳሚ ወንበሩ ተደረደረ፣ ድስቱ ተጣደ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን እየደቁ መጡ። ገና ያልተወለደ ሰው እንዲህ ተለቅሶለት አያውቅም። ከሁሉም ፊት የምታለቅሰው የኔው እናት ነበረች፤ "የነብሩ ገዳይ!" እያለች። ከሰዓት በኋላ ነብሩ አንበሳ ሆኖ አገኘሁት። በማግስቱ ሰውዬው ወንዝ ተሻግረው ሁለት ገድለዋል። በሙያዬ እንኳ በለጡኝ።

እትዬ ዘነበች ከጓዳ አልወጡም። ፊታቸው አመድ መስሏል፣ በድንጋጤ ያለቅሳሉ፤ ሰው ሐዘን ይመስለዋል። "ደሜ፣ አንዲት ቃል ሳልናገር ዋሾ አደረግኸኝ። የዚህን ሁሉ ሰው ፊት ነገ እንዴት አየዋለሁ?" አሉኝ።

ወደ ጋሽ ሳሙኤል ሄድኩ። ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው ነበር።

"ምን ላድርግ ጋሼ? እውነቱን ብናገር እርስዎን ያስሩዎታል።"

"አልፈራም አልልህም። እፈራለሁ፤ አምስት ልጆች አሉኝ። ግን እኔን ለማዳን ብለህ አትዋሽ። እኔን የሚያድነኝ አንተ አይደለህም።"

"እሺ ልናገር?"

"አላዝህም። አንተ ማን እንደሆንክ ይኸው የምታውቅበት ቀን መጣ።"

ቢቆጡኝ ምንኛ በተሻለኝ። ሦስተኛው ቀን ላይ እማማ ወለቴ ጠሩኝ። እማማ ወለቴ ከማዕዘኑ ሳይነሱ ሦስቱንም ቀን ድምፅ ሳያሰሙ ያለቀሱ ሴት ናቸው። ልጃቸው በዚያ በክፉው ጊዜ ከቤት ተወስዶ ከቀረ አሥር ዓመት አልፎታል። ለቅሶ እንዲቀመጡለት አልተፈቀደላቸውም፤ ድንኳንም አልተጣለለትም።

"ደምሴ፣ አጎትዬው ሲሞቱ አጠገባቸው ሰው ነበር?" አሉኝ። "አፈር ለብሰዋል? አይተሃል?"

መልስ ሞልቶኝ ነበር። ስድስት ዓይነት መልስ፣ አንዱ ካንዱ የሚያምር። ግን ዐይናቸው የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነበር፤ ለዚያ ዐይን ውሸት የሚሰጥ አፍ አላገኘሁም። በሹክሹክታ፣ ለራሴም በማይሰማ ድምፅ፣ "ጌታ ሆይ፣ እኔን ሰው አድርገኝ" አልኩ። የመጀመሪያ ጸሎቴ ይቺ ናት። ብዙም አትረዝም።

"እ... እማማ፣ ሰውዬው የ... የሉም። አልነበሩም። እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው።"

ይመቱኛል ብዬ ጉንጬን አዘጋጀሁ።

"እኔስ መች ለእሳቸው አለቀስኩ" አሉና በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። "ሂድ፣ የቀረውን ለሚመለከተው ተናገር።"

ድንኳኑ አፍ ላይ ጓድ በላይና የእድሩ ዳኛ ቆመዋል። ወደ እነሱ ሄድኩ። "ጓ... ጓድ በላይ፣ የሞተ ሰው የለም። ያን ዕለት የ... የገባህበት ጸሎት ነበር። እኔም አብሬ የምጸልይ ነኝ። የዋሸሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እነሱ አልዋሹም።"

እግዜር ያሳያችሁ፣ በሕይወቴ የተናገርኳት የመጀመሪያዋ ሙሉ እውነት ናት፣ ሃያ ሰው ልታሳስር የምትችል። የእድሩ ዳኛ በሳቅ ሊወድቁ ደረሱ። "ይሄ ልጅ በለቅሶ እንኳ ቀደዳውን አይተውም!" በላይ ደግሞ አተኩሮ አየኝና ትከሻዬን ያዘ። "ሐዘን አዙሮህ ነው። ሂድ ፊትህን ታጠብ" አለኝ።

"እውነቴን ነው ጓድ በላይ!"

"ታጠብ አልኩህ።"

ለእናቴ ነገርኳት፤ በሟች መቀለድህ ነው ብላ በጥፊ አጮለችኝ። ድንኳኑ በወጉ ሦስት ቀን ሞልቶ ተነሳ። ስዋሽ ሲያምነኝ ከኖረ ሰፈር፣ እውነት ስናገር ከእማማ ወለቴ በቀር አንድም ሰው አላመነኝም። ጋሽ ሳሙኤል ግን ሁሉንም ከዳር ቆመው ሰምተዋል። አጠገቤ መጥተው በቀኝ አመልካች ጣታቸው ግራ መዳፋቸውን ጠብ፣ ጠብ አደረጉት።

የሚቀጥለው እሑድ በሩ ተንኳኳ። ሁላችንም ደረቅን። እማማ ወለቴ ናቸው፤ ጭቃ የጠጣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው። "እውነት የሚነገርበት ቤት ይኼ ነው አሉ" ብለው አልጋው ሥር አስቀመጡት። ያን ቀን ጋሽ ሳሙኤል የእማማ ወለቴን ልጅ ስም ጠርተው ጸለዩ፤ አሥር ዓመት ማንም ጮክ ብሎ ያልጠራውን ስም፣ በሹክሹክታም ቢሆን። ከዚያ እማማ ወለቴ ሻይ ፉት እያሉ፣ "አሁን የአንበሳውን ነገር ንገረኝ" አሉኝ። ሃያ ሰው አፉን በእጁ አፍኖ ሳቀ። በሹክሹክታ መዘመር ቀላል ነው፤ በሹክሹክታ መሳቅ ግን ጎድን ይሰብራል። እትዬ ዘነበች ስፌት መኪናቸው ላይ ተደፍተው ቀሩ።

ደርግ ከወደቀ ከዓመታት በኋላ ወደ ሳንሱሲ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከበላይ ጋር ጎን ለጎን ገጠመን። ጠመንጃውም ቁጣውም የለም፤ ጸጉሩ ሸብቷል።

"ያን ቀን አምኜህ ነበር" አለኝ፣ ሰላምታውን ሳይጨርስ። "ስትዋሽ እንደ ውኃ ትፈስሳለህ። ያን ቀን ተንተባተብክ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። "የ... የእማማ ወለቴን ልጅ ሲወስዱት በር ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ሌላ በር ላይ መቆም አልፈለግሁም።" ይህን ሲናገር እሱም ተንተባተበ።

እኔ ዛሬም ማጋነን አልተውኩም፤ ይህን እስካሁን ካላያችሁ መነጽር ያስፈልጋችኋል። ጋሽ ሳሙኤል ከማረፋቸው በፊት ምላሴን እንድቆርጥ ሳይሆን ሥራ እንድሰጠው ነበር የመከሩኝ። ስለዚህ ሃያ ምናምን ዓመት እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን ለሕጻናት የመጽሐፍ ቅዱስ ተረክ አወራለሁ። ሕጻናቱ ነቢዩን የዋጠውን ዓሣ ከአውቶቡስ አስበልጬ ሳወራ በሳቅ ይንፈራፈራሉ፤ ወላጆቻቸው ይታዘቡኛል። አልፎ አልፎ ግን አንዷ ትነሳና፣ "ጋሼ፣ አንተን ራስህን ጌታ እንዴት አገኘህ?" ትለኛለች። ያኔ እኔም ሃያ ዓመት ሙሉ የለፈለፈ ምላሴ ይያዝብኛል፤ አንድ ቃል፣ ቆም፣ ሌላ ቃል፣ ቆም እያልኩ እነግራቸዋለሁ። ልጆቹ ታዲያ ቀልድ ስነግራቸው "እውነትህን ነው?" የሚሉኝን ያህል፣ ለዚህኛው አንድ ቀን እንኳ ጠይቀውኝ አያውቁም።