ከቢስሚላህ በፊት

የተቃውሞ ሰልፈኛ አልነበርኩም ብዬ አልዋሽም፤ ነበርኩ። አብሮኝ እዚህ ሱዳን፣ ቡሪ ሰፈር የታፈሰው ያገሬ ልጅ ግን ከቀን ሥራ ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው የተያዘው።

የታሰርንባት ክፍል መስኮት የላትም፤ አምፖሉ ቀንም ሌትም አይጠፋም። ውስጧ የነበሩት ሱዳናውያን ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልን። አንደኛው አዛውንት አስተማሪ ናቸው፤ ሁሉም «ኡስታዝ» ይሏቸዋል።

ፉል በአንድ ሳህን መጣ። ኡስታዝ «ቢስሚላህ» ሲሉ ሁላችንም እጃችንን ሰደድን። ያገሬ ልጅ ብቻ እጁን ሰበሰበ። ጴንጤ ነው፤ ያውም ጥብቁ።

«በሌላ ስም የተባረከ አልበላም» አለኝ በአማርኛ።

«ፈጣሪን እኮ ነው የጠሩት!»

«ለናንተማ ምን ቸገራችሁ፤ ለሥዕልም ትሰግዳላችሁ።»

ኦርቶዶክስ ነኝና በገንኩ። «እንግዲያው ጦምህን እደር» አልኩት።

ኡስታዝ ነገሩን ጠየቁኝ፤ እያፈርኩ ተረጎምኩላቸው። ሳቁ። «ማፊ ሙሽኪላ፣ ያ ወለዲ» አሉት፤ ችግር የለም፣ ልጄ። ከዚያ ወዲህ «ተፈደል»፣ እንካ ብላ፣ እያሉ ሳህኑን ያስጠጉለታል። እሱ ድርሻውን እስኪያነሳ ዝም ብለው ይጠብቁና ከዚያ ቢስሚላህ ይላሉ።

ለምን እንዲህ እንደሚያከር አንድ ቀን ጠየቅሁት።

«ጫማዬን ወሰዱ፤ በስሜ እንኳ አይጠሩኝም» አለ። «የቀረኝ ይሄ ነው። አንዷን ክር ከሳብኩ ሁሉም የሚተረተር ይመስለኛል።»

ከዚያ በኋላ ልቆጣው አልቻልኩም።

ኡስታዝን ለምርመራ ወስደው ሲመልሷቸው በሩ ላይ ጣሏቸው። መንጋጋቸው ተሰብሯል። ፉሉ መጣ፤ ሁላችንም ድምፃቸውን ጠበቅን። ጴንጤው ድርሻውን አላነሳም። ዳቦ በፉሉ ውሃ አርሶ ወደ አፋቸው አስጠጋ። ፊታቸውን አዞሩ። ደግሞ አስጠጋ፤ እምቢ አሉ። ሕመሙ ይሁን ሌላ፣ እኔ አላወቅሁም። እሱ ግን የገባው መሰለው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛው «ቢስሚላህ» አለላቸው።

ከንፈራቸው ትንሽ ተከፈተ። አጎረሳቸው።

በማግስቱ ወሰዷቸው። አልተመለሱም።

የሱዳን መንግሥት ወድቆ ከእስር ከወጣን በኋላ ልጁን ወደ ካላክላ ሰፈር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አገኘሁት። እኔ እዚሁ ሱዳን ያደግሁ ነኝ፤ «ቢስሚላህ» ስል ኖሬያለሁ፣ አንድም ቀን ከብዶኝ አያውቅም። እሱን ግን ምን ያህል እንደከበደው አይቻለሁና ለኡስታዝ ያለላቸውን ቀን አነሳሁለት።

«ንስሐ ገብቼበታለሁ» አለኝ።

አዘንኩ። ወደ መንገዱ ዞሮ፣

«ዛሬም እንደዚያ ቢሆኑ ግን እልላቸዋለሁ» አለ።