ማጭድ ከመያዛችን በፊት

በማንኩሳ ገጠር ደቦ ይመሩ የነበሩት አያቴ ካረፉ አርባቸው ወጣ። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ሥራ የሰውን መንፈስ እንዳይጎዳ አስቀድሞ ስለመጠበቅ ስማር የማስበው እሳቸውን ነው።

አጨዳ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱን ሰው "እንቅልፍ ወስዶህ አደርክ?" ይሉና ፊቱን እያዩ መልሱን ይጠብቁ ነበር።

አንድ ጠዋት ጤፍ ሊታጨድ ሲል፣ ሚስቱ በቅርቡ የሞተችበት ጎረቤታችን "ደህና ነኝ" አላቸው። አያቴ ማጭዱን ቀስ ብለው ከእጁ ወሰዱ።

"ዛሬ ከእኔ ጋር ነዶ ትሸከማለህ።"

"አባባ፣ ለጎበዝ የልጅ ሥራ ሰጡት?" አለ አንዱ ወጣት እየሳቀ።

"አንተ እጨድ፤ አፍህን ለምሳ አቆየው።"

ቀኑን ሙሉ ከጎኑ አልተለዩም። ሲመሽ ሰውየው እያለቀሰ፣ "ዛሬ ራሴን ላጠፋ ቆርጬ ነበር የወጣሁት" አላቸው። አያቴ አብረውት ሄደው እቤቱ አደሩ። ከአንዲት "ደህና ነኝ" ውስጥ ያንን ሁሉ እንዴት እንዳዩ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

አሁን ደቦ ሲሰበሰብ እንደ እሳቸው የሚያየን የለም።

በቀብራቸው ዕለት ያ ጎረቤታችን ቃሬዛውን ከፊት ያዘ። "በቃህ፣ ትከሻ ቀይር" ቢሉትም እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለማንም አልለቀቀም።