በባለቤቴ ስም የጻፍኩት ደብዳቤ

ባለቤቴ ካረፈ ሰባተኛ ወሩ ነው። እሱ በሕይወት ሳለ መጻፍ የነበረብኝን አሁን እጽፋለሁ፤ በቀን ከጥቂት መስመር አላልፍም።

የግብርና መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። ከባኮ እስከ ደምቢ ዶሎ የማያውቀው ድልድይ የለም። ጡረታ ሲወጣ መሪ ያልያዘ እጁ ምን እንደሚሠራ ጠፋው። በኋላ የኳስ ክለቡ ደጋፊዎች ሰብሳቢያቸው አደረጉትና ዳነ። ክለቡ የነቀምቴ ነጋዴዎች ተዋጥተው ያቋቋሙት ትንሽ ክለብ ነበር፤ ዛሬ የለም። እኔ ወላጆቼ ከወሎ መጥተው እዚህ የሰፈሩ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ያስተማርኩ ሴት ነኝ። «ቲቸር» ነበር የሚለኝ። በስሜ የሚጠራኝ ሲቆጣ ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን ብዙ ጊዜ አልሆነም።

ኳስ አልወድም ነበር። እሱ ግን በዚያ ዓመት መጨረሻ፣ ክለቡ ካሸነፈ ወደ ላይኛው ሊግ የሚያልፍበት ጨዋታ ሲመጣ፣ አብሬው እንድሄድ ለመነኝ። «አንድ ቀን እይው» አለኝ፣ «ከዚያ በኋላ ብትሰድቢውም አውቀሽ ትሰድቢዋለሽ።» እሺ አልኩ። የገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ ለውሼ ለመንገድ የሚሆን ጭኮ ሠራሁ፤ ለተጫዋቾቹም እንዲደርስ ብዬ ትልቁን ዕቃ ሞላሁት።

ጠዋት ተጫዋቾቹ ከሚያድሩበት ግቢ ደረስን። ሁለት አውቶብስ ቆሟል፤ የእኛው ሞልቷል፣ የእነሱ በሩ ተከፍቶ ባዶውን ነው። ተጫዋቾቹ ሻንጣቸውን እግራቸው ሥር አድርገው የድንጋዩ አጥር ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ባለቤቴ ወርዶ አነጋገራቸው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የግራ ተከላካያቸው ለክለቡ ሲጫወት ጉልበቱ ተጎዳ። ክለቡ ጥቂት ሳምንት አሳከመው፤ ከዚያ ውሉን አቋርጦ አልጋውን እንዲለቅ ነገረው። ጓደኞቹ እሱ ካልተመለሰ አንሳፈርም አሉ። ልጁ ራሱ ከሁሉም ዳር ምርኩዙን ይዞ አቀርቅሯል። የሲሬ ልጅ ነው።

«ዛሬን ብቻ ተጫወቱልኝ» አላቸው ባለቤቴ። «ነገ እኔ ራሴ ሽማግሌ ይዤ ክለቡ በር ላይ እቀመጣለሁ።»

አምበላቸው ቆሞ ነው የመለሰለት፣ በአክብሮት። «አባ፣ ዛሬ ከተጫወትን ነገ ማን ይሰማናል?»

ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅን፤ ከዚያ የአውቶብሱ ሾፌር ሞተሩን አጠፋ። ጨዋታው በፎርፌ ተሸነፈ። ጭኮውን እንደያዝኩ ወደ ቤት ስንመለስ ጎረቤታችን ከበሯ ሆና፣ ሰፈሩ በአክብሮት እንደሚጠራኝ፣ «አዴ፣ ምነው ቶሎ? ጨዋታው አለቀ እንዴ?» አለችኝ። ባለቤቴ አዲሱን የክለብ ሻርፕ ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ውስጥ ሲከት አየሁት። ያን ጊዜ ነው የተናደድኩት። ስለ ኳሱ አልነበረም፤ ስለ እሱ ነበር።

እሑድ ከጸሎት ቤት መልስ እንደ ልማዳቸው በረንዳችን ላይ ተሰበሰቡ። ቀሪቦ ቀዳሁላቸው፤ ግን ብርጭቆውን የነካው ትንሽ ሰው ነው። ከሁሉም ይበልጥ የተናገሩት ሦስት ናቸው፦ ለክለቡ ብዙ ያዋጣ የመኪና መለዋወጫ ዕቃ ነጋዴ፣ ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤታችን፣ እና ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት የባንክ ሠራተኛ።

«ማሊያው የከተማው ነው» አለ ነጋዴው። «የከተማን ማሊያ ለብሰህ ከተማን ታዋርዳለህ?»

«እግሩስ የማን ነው?» አለ የባንክ ሠራተኛው። «ሲያገባ የከተማው፣ ሲሰበር የእናቱ?»

ፀጉር አስተካካዩ እጁን አነሣ። «እኔ ሥራ ማቆም አልቃወምም። ግን የሰውን ራስ ግማሽ ላጭቼ መቀሴን አላስቀምጥም። ጨርሶ ነው ማቆም። እነዚህ ልጆች ግማሽ ላጭተው ነው የተነሡብን።»

«ከጨረስክ በኋላማ ሰውዬው ሂሳቡን ሳይከፍል ይሄዳል» አለው የባንክ ሠራተኛው።

«የእኔ ደንበኞች እንደሱ አይደሉም።»

«አንተ ራስህ ያለፈው ወር የላጨኸኝን መች ከፈልኩህ?»

ሳቁ። ባለቤቴ ብቻ አልሳቀም። የባንክ ሠራተኛው ስልኩን አወጣና በቀዝቃዛ አገር፣ በበረዶ ላይ በዱላ የሚጫወቱ ሰዎች ከክለብ ባለቤቶች ጋር ተጣልተው ውድድሩ ሙሉ ዓመት እንደቆመ አነበበልን። እዚያም ደጋፊው ለሁለት ተከፍሎ ተሰዳድቧል፤ ግማሹ ስግብግቦች ብሏቸዋል፣ ግማሹ ደግሞ ጥርሱ የረገፈው ተጫዋቹ እንጂ ባለቤቱ አይደለም ብሏል።

«በበረዶ ላይ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «እኛ እኮ በረዶ ሲጥል ሸሽተን ቤት ነው የምንገባው።»

«እነሱ ሀብታም ናቸው» አለ ነጋዴው። «ዓመት ቢቆሙ አይራቡም። የእኛ ክለብ ግን አንድ ወር ከቆመ ይሞታል። ኦቦ፣ አንተ ምን ትላለህ?»

«በእኛ ወግ» አለ ባለቤቴ፣ «የተጣላ ሰው ዘንድ በእግር ነው የሚኬደው። ሽማግሌ ይዘን ክለቡም ዘንድ፣ ልጆቹም ዘንድ እንሂድ።»

«ነገሩን የሚወስነው ፌዴሬሽኑ ነው፤ እሱ ደግሞ አዲስ አበባ ነው» አለ ነጋዴው። «ሽማግሌ ጭነን አዲስ አበባ ልንሄድ ነው? ደጋፊው ከክለቡ ጋር መቆሙን በደብዳቤ እናሳውቅ። አማርኛውን ደግሞ አዴ አለች።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ስለ ኳስ አላውቅም ብል ያበቃ ነበር። እጅ ወጣ፤ የባንክ ሠራተኛው ብቻ አላወጣም። ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣሁ።

ደብዳቤው ግማሽ ገጽ ያህል ነበር። በነገሩኝ ላይ የጨመርኩት የለም ማለት አልችልም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር የራሴ ነች። «አንድ ጉልበት አመመኝ ቢል፣ አንድ ከተማ ሙሉ እንዲያነክስ ፈረዱ።» ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ነጋዴው ጭኑን መታ። ፀጉር አስተካካዩ ድገሚልን አለኝ፤ ደገምኩላቸው። ብዙ ዓመት የተማሪ ድርሰት አርሜያለሁ፤ እንዲህ ያለች ዓረፍተ ነገር ባገኝ ሙሉ ማርክ እሰጥ ነበር።

ሰዎቹ ሲሄዱ ባለቤቴ መነጽሩን አድርጎ ለብቻው አነበበው። «ቲቸር» አለኝ፣ «ይህችን ብታወጫት። ‹አመመኝ ቢል› ማለት ምንድን ነው? ልጁ እኮ አሞታል።»

«እሷ ከወጣች ደብዳቤው ጥርስ የለውም» አልኩት።

እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዶ ፈረመ። ሰብሳቢው እሱ ነውና ስሙ ከሥር ሰፈረ።

ነጋዴው ደብዳቤውን ከመላኩ በፊት አባዝቶ ክለቡ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። አንዱ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም በተነው፤ ከደብዳቤው ሁሉ ሰው አፍ ላይ የቀረችው የእኔዋ ነበረች። ክለቡ ደጋፊውም አውግዟቸዋል ብሎ አምበሉንና ሌሎቹን አሰናበተ። ደብዳቤው ብቻውን አደረገው አልልም። ግን ለማባረሪያ አገለገለ። የሲሬው ልጅ ወደ አገሩ ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ክለቡም ፈረሰ።

ከዚያ ብዙ ቆይቶ ባለቤቴ ለአንድ ዘመድ ለቅሶ ሄዶ ሲመለስ ሲሬ ላይ መኪና አጣ። መናኸሪያው ውስጥ አንድ የሚያነክስ ተራ አስከባሪ ሰዉን ገፍቶ መጣና ሚኒባስ ውስጥ ከፊት አስቀመጠው። ያ የሲሬው ተከላካይ ነበር። ባለቤቴ ገንዘብ ቢሰጠው አልቀበልም አለ። ይህን ሲነግረኝ ራቱን አልነካም ነበር። «ጻፊልኝ» አለኝ። «ያ ቃል ትክክል እንዳልነበረ ጻፊልኝ፤ እኔ ወስጄ እሰጠዋለሁ።»

«የፈተና ወረቀት ላርም፤ ከዚያ» አልኩት።

ወረቀቱን አርሜ ጨረስኩ። ሁለተኛ ሲጠይቀኝ ዓይኔን ልታከም አልኩት። እውነቱ ሌላ ነው። ዓረፍተ ነገሯን ወድጃት ነበር፤ ስህተት ናት ብዬ በእጄ መጻፍ ከበደኝ። ለሦስተኛ ጊዜ በቃል አልጠየቀኝም። አንድ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ወረቀት አስቀምጦ በመጽሐፍ ቅዱሱ ጠርዙን ጫነው፣ እስክሪብቶውንም ከጎኑ። አየሁት፤ ምሳ ሳቀርብ ወደ ዳር ገፋ አደረግሁት።

ከአሥር ቀን በኋላ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያስር ወደቀ። ደም ግፊት ነው አሉኝ። ሆስፒታል ስንደርስ አልፏል።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ልጁ ከሲሬ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ እያነከሰ ሲገባ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀለት። አጠገቤ ተቀምጦ በኦሮምኛ፣ እኔ ብቻ እንድሰማው አድርጎ፣ «ሃርሜ፣ እናቴ፣ ለዚያ ደብዳቤ ቂም አልያዝኩባቸውም። ይቅር ብያቸዋለሁ» አለኝ።

«እሱ አልጻፈውም፣ እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ነች። ሰው ነበረ፤ ፀጉር አስተካካዩ ፊት ለፊቴ ነበር። «እግዚአብሔር ይስጥህ» አልኩት። ባለቤቴ ይውጣ ያለውን ቃል ስሙ ተሸክሞት ተቀበረ፤ ይቅርታውንም ባልሠራው ጥፋት ተቀበለ። ከሞቱ ቀጥሎ ያላስተኛኝ ይህ ነው።

ያለፈው ወር ወደ ሲሬ ሄድኩ። ልጁ መናኸሪያው ውስጥ ወደ ነቀምቴ የሚሄድ ሚኒባስ እየሞላ ነበር። ሲያየኝ እጁን ልብሱ ላይ ጠርጎ ጨበጠኝ፤ በጥላው በኩል አንድ ሳጥን ላይ አስቀመጠኝ። ሳልቀመጥ ብናገር ይሻለኝ ነበር፤ ተቀምጬ ነገርኩት። ያችን ዓረፍተ ነገር የጻፍኳት እኔ ነኝ፤ እሱ አውጫት ብሎኝ ነበር፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።

ምርኩዙን በእግሩ ጣት ነካ ነካ አደረገ። «እርሳቸው ግን እኔ ነኝ ነው ያሉኝ» አለ።

«መቼ?»

«እዚሁ። መኪና ያገኘሁላቸው ቀን። ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ በኋላ በመስኮቱ ጠሩኝና ‹ያን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ዲፋማ› አሉኝ፤ ይቅርታ ብለው። ተሳፋሪው ሁሉ ሰማ። አንድ ሽማግሌ ልጅን እንዲህ ሲለምን አይቼ አላውቅም።»

ይህን አልነገረኝም። ለእኔ የነገረኝ ጻፊልኝ ብቻ ነው። እሱ የእኔን ጥፋት ሰው ፊት ከተሸከመ በኋላ ወደ ቤት መጥቶ ሦስት ጊዜ ጠበቀኝ።

ካለቀስኩ በኋላ ልጁ «አሁን ምን ላድርግ?» ብሎ ጠየቀኝ። «እርሳቸውን ይቅር ብያለሁ። እንደገና ልጀምር?»

«እንደፈለግህ» አልኩት።

«እኔስ ግድ የለኝም። የምታሳስበኝ እናቴ ናት። ያን ጊዜ ጎረቤት ከስልክ ላይ አንብቦ በኦሮምኛ ፈታላት። ማታ መጥታ ‹ልጄ፣ እውነት አላመመህም እንዴ?› አለችኝ። እግሬን እያየች። እስከ ዛሬ መልሳ አልጠየቀችኝም፤ ግን የጠየቀችኝን አልረሳሁትም። በደብዳቤ የመጣ ነገር ስለሆነ የኔን ቃል አስበለጠችው። ከቻልሽ ለእሷ ጻፊላት። በኦሮምኛ ይሁን፤ ጎረቤቱ ሳይፈታው እንዳለ ያንብብላት።»

ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር። አንድ ወጣት አስነሥቶ ከፊት አስቀመጠኝ፤ ባለቤቴን ያስቀመጠው እዚያው መሆኑን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም።

ኦሮምኛ ገበያ ላይ እናገራለሁ፤ ከጎረቤት ጋር እቀልዳለሁ። ጽፌበት አላውቅም። የሚጽፈው እሱ ነበር። አሁን ያንኑ ንጹሕ ወረቀት ከመጽሐፍ ቅዱሱ ሥር አውጥቼ ተቀምጫለሁ፤ ቃል ሲጠፋኝ የእሱን ኦሮምኛ መዝሙር መጽሐፍ እገልጣለሁ። በዚህ ቋንቋ ጭን የሚያስመታ ዓረፍተ ነገር የለኝም። እስካሁን የወጣልኝ ሦስት መስመር ነው፦ ልጅሽ አሞት ነበር። አላመመውም ያልኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ አይደለም።

አራተኛው መስመር ይቅርታ የሚለው ነው። ቅዳሜ ይዤው እሄዳለሁ።