እትዬ ዘሐራ አራት ዓመት የጠበቁት ድርሻ

ይህ የሆነው የሚሌኒየሙ ዓመት ሊያልቅ ሲል ኮምቦልቻ ላይ ነው። ሁለት ዓመት አልፎታል። እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም። አሁን የምጽፈውም ጸጸት ይዞኝ አይደለም።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ደሴ ሥራ ስይዝ አንድ የአማተር ቲያትር ቡድን ገባሁ። ሰው ፊት መቆም ስለማልችል የተሰጠኝ ሥራ ከመጋረጃ ጀርባ ነበር። ድርሰቱን ይዤ እቀመጣለሁ፤ ቃል የጠፋበት ተዋናይ ሲኖር በሹክሹክታ አቀብለዋለሁ።

የቡድኑ አንጋፋ እትዬ ዘሐራ ነበሩ። ከሃያ ዓመት በላይ መድረክ ላይ ኖረዋል። ፒያሳ ሲያልፉ ባለ ሱቁ ሁሉ በተጫወቷቸው ሴቶች ስም ይጠራቸዋል። ዋናው ወንድ ተዋናይ ተፈራ ነው። መልከ መልካም ነው፣ ድምፁም ያምራል፤ ማጥናት ግን አይወድም። “ማስታወሱ የእሷ ሥራ ነው” እያለ በእኔ ይስቅ ነበር። ለእትዬ ዘሐራ የሚጨበጨበው ሲበዛ ደግሞ ያመዋል።

በገባሁበት ዓመት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት ደሴ ላይ ስናሳይ፣ ተፈራ ሆን ብሎ ሁለት ገጽ ዘለለ። ሲዘልል ወደ መጋረጃው ዞር ብሎ ጠቀሰኝ። እትዬ ዘሐራ የሚመልሱት ጠፋቸው። እኔም የቱን ገጽ ላቀብላቸው ግራ ገባኝ። ያኔ እሱ ወደ ተመልካቹ ዞሮ፣ “እናታችን እርጅና መጣባቸው መሰለኝ፤ ወንበር አምጡላቸው!” አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ።

በማግስቱ ግምገማ ተቀመጥን። የቡድኑ መሪ፣ “ድርሰቱን የያዝሽው አንቺ ነሽ። የሳተው ማን ነው?” ብሎ ጠየቀኝ። ተፈራ ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም። “አላስተዋልኩም” አልኩ። እትዬ ዘሐራ ሻርፓቸውን አስተካክለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት መድረክ አልረገጡም። ሰኞ ገበያ አንዱ “ልጆቻቸው ከልክለዋቸው ነው” ሲል፣ ሌላው “መርሳት ጀምሯቸው ነው” ይላል። ተፈራ ደግሞ፣ “አንጋፋ እንዲህ ነው፤ አንዴ ሠርቶ አምስት ዓመት ማረፍ!” እያለ ያሾፋል።

አዲስ ድርሰት በተገኘ ቁጥር ሆጤ ሰፈር፣ ቤታቸው የምወስድላቸው እኔ ነበርኩ። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ፣ “ተፈራ የቱን ነው የሚይዘው?” ብለው ነው። የእሱን ገጾች ብቻ ያነቡና፣ “ይኼ አይሆነኝም” ብለው ይመልሱልኛል።

አንድ ጊዜ ደፈር ብዬ፣ “እትዬ፣ ደክሞዎት ነው?” አልኳቸው።

“ወላሂ አልደከመኝም። ትልቅ ቦታ ላይ የተዋረደ ሰው ባገኘው ቦታ አይመለስም፣ ልጄ። ለእሱ የሚሆነውን ይጠብቃል።” ከዚያ ትክ ብለው አዩኝ። “ያን ቀን አይተሻል አይደል?”

አንገቴን ደፋሁ። “አይቻለሁ።”

“አውቃለሁ” አሉ።

በአራተኛው ዓመት የወሰድኩላቸው ድርሰት፣ እናቱን በአደባባይ የካደ ልጅ ከዓመታት በኋላ መጥቶ እግሯ ሥር ተንበርክኮ ይቅርታ የሚለምንበት ነው። ልመናው ብቻ አንድ ገጽ ተኩል ይሆናል። አንብበው ሲጨርሱ ፈገግ አሉ።

“ልጁ ተፈራ ነው?”

“አዎ።”

“እሺ ብላለች በያቸው።”

ቲያትሩን ለማሳየት የሐረጎን ዳገት ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ስንወርድ ተፈራ ሚኒባሱ ውስጥ፣ “እትዬ፣ ዛሬ ከጠፋብዎ እጄን ይያዙ፣ አደራ!” አለ።

“እስቲ የሚጠፋበትን እናያለን፣ የኔ ጀግና” አሉት። ሁሉም ሳቀ። እሱ ወደ እኔ ዞሮ፣ “አንቺ ዝምተኛ፣ ልመናውን በደንብ አላጠናሁትም። እየተከተልሽ አቀብዪኝ” አለኝ።

የኮምቦልቻ አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ተፈራ ተንበረከከ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ቃሉ ጠፋበት። ወደ መጋረጃው ሰረቅ አድርጎ አየ። የሚቀጥለው ቃል ጣቴ ሥር ነበር። ድርሰቱን ዘጋሁት።

“አቀብዪኝ!” አለ በሹክሹክታ። የፊት ረድፍ ሰምቶ ሳቀ። ላቡ በአገጩ ወረደ። አንጋፋ ተዋናይ እንዲህ ሲሆን ጓደኛውን ያወጣዋል፤ እትዬ ዘሐራ አንድ ቃል ቢጥሉለት ይድን ነበር። ግን ቁጭ ብለው አዩት። ቆይተው፣ ድርሰቱ ላይ የሌለ ነገር ተናገሩ።

“ተናገር እንጂ። አራት ዓመት ሙሉ ስጠብቅህ ነበር።”

ተመልካቹ የቲያትሩ ክፍል መስሎት አጨበጨበ። ከኋላ አንድ ሰው፣ “ኧረ እናትየው ይማሩት፣ ላብ ጨረሰው!” ብሎ ጮኸ። እትዬ ዘሐራ ተነሡ፤ በተንበረከከበት ትተውት በጎኑ አልፈው ወጡ። መጋረጃው ተዘጋ።

ተፈራ ላቡን እየጠረገ መጣብኝ። “ምን ሆነሽ ነው?” አለ። “ገጹ ጠፋብኝ” አልኩት። ፊቱን ቀና ብዬ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ስንመለስ እትዬ ዘሐራ አጠገቤ ተቀመጡ። ምስጋና ስጠብቅ ዳገቱ አለቀ። ደሴ ልንገባ ስንል ጆሮዬ ሥር ዝቅ ብለው፣ “የዛሬው ዝምታሽ ደግ ነው። ያኔ ብትናገሪ ግን ይሻለኝ ነበር” አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ቲያትር አልሠሩም። ሰው ለምን ይላል፤ እኔ አልጠይቃቸውም። ተፈራ ዛሬ ቃሉን አጥንቶ ነው የሚመጣው። ተንበርክኮ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ትዝ ሲለኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አሁንም ደስ ይለኛል። ደስታዬ ግን አይረዝምም፤ ወዲያው የእሳቸው ድምፅ ይከተለዋል።